የጌሾዋ ተከራይ

በእኛ አገር ልጅና ወፍ የሚተዋወቁት በድንጋይ ነው። ልጁ እግሩ ጸና ሲባል ወንጭፍ ይጨብጣል፤ ወንጭፍ ከጨበጠ ማማ ላይ ይወጣል፤ ማማ ላይ ከወጣ ደግሞ ድምፁ እስኪዘጋ እየጮኸ፣ ማሽላው ላይ ለሚሰፍር ክንፋም ሁሉ ጠጠር ሲያድል ይውላል። በደቡብ ጎንደር ስማዳ፣ ከወገዳ ከተማ ቁልቁል ወደ በሽሎ ወንዝ በሚወርደው ቆላ ይህ የልጅ ጨዋታ አይደለም። ግሪሳ ያረፈበት ማሳ ለባለቤቱ የሚተርፈው አገዳው ብቻ ነው። ስለዚህ የስማዳ ልጅ ስለ ወፍ ብዙ ያውቃል። በየት በኩል እንደምትመጣ፣ ፀሐይ የት ስትደርስ እንደምትመጣ፣ የትኛው ጩኸት እንደሚያስደነግጣት፣ የትኛውን ደግሞ እንደምትንቀው ያውቃል። ቤቷን በምን እንደምትሠራ፣ ልጆቿን ምን እንደምታበላ፣ ባሏ ምን እንደሚፈይድላት ግን ጠይቆ አያውቅም። ምን ቸገረው? ጠላቱ ናት።

ትምህርት ቤትም ነገሩን ብዙ አያሻሽለውም። የአካባቢ ሳይንስ የሚባለው ትምህርት፣ አካባቢው ደጅ ቆሞ ሳለ፣ በሩ ተዘግቶ ይሰጣል። ሰሌዳው ላይ ወፍ ትሳላለች፤ ምንቃር፣ ክንፍ፣ ጭራ እየተባለ ቀስት ይሰካባታል። የተሳለችው ወፍ ሁልጊዜ ዶሮ ትመስላለች።

እኔ ወገዳ ውስጥ በአንዲት ባልቴት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው የምኖረው። ባልቴቷን የቤቱ ልጆችም፣ ጎረቤቱም፣ እኔም «እምዬ» ነው የምንላቸው። ሦስት የልጅ ልጆች አብረዋቸው ይኖራሉ። ትልቋ ስድስተኛ ክፍል ናት፤ ያየችውን ሁሉ ደብተር ላይ የምትጽፍ፣ ለምን ብላ ሳትጠይቅ እንጀራ የማትቆርስ። መካከለኛው በማሽላ ወራት ትምህርት በሌለበት ቀን አጎቱ ዘንድ ቆላ እየወረደ ወፍ ይጠብቃል። ትንሹ ማሙሽ ገና ፊደል አልቆጠረም። ግቢው ውስጥ ከሁላችንም በላይ የሚከበረው ግን አጥሩ ጥግ የተተከለው ጌሾ ነው። የእምዬ ጠላ በሰፈሩ የሚወደሰው በዚህ ጌሾ ነው፤ ቢያንስ እሳቸው እንደዚያ ነው የሚሉት። ተከራይ ሲገባ ከኪራዩ ቀጥሎ የሚነገረው ደንብ «ጌሾው አይነካም» የሚለው ነው።

ባለፈው ዓመት መስከረም ሊያልቅ ሲል ሌላ ተከራይ መጣች። ቀብድ አልከፈለችም፤ መታወቂያ አልተጠየቀችም፤ የገባችውም ጌሾው ውስጥ ነው።

መጀመሪያ የደረሰባት ማሙሽ ነበር። «እምዬ! ወፏ ድራችንን እየሰረቀች ነው!» እያለ እየሮጠ ገባ። ወጥተን አየን። እውነቱን ነው። ግራጫማ፣ ምንቃሯ ቀጭንና ቆልመም ያለ ወፍ ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር ተንጠልጥላ የሸረሪት ድር ትጠቀልላለች። አፏ ሲሞላ ወደ ጌሾው ትበራለች፤ ባዶዋን ትመለሳለች፤ እንደገና ትጠቀልላለች። ድሩን እምዬ በማግሥቱ ሊጠርጉት አስበው ስለነበር «ትውሰደው፣ እግዜር ይስጣት፣ ከድካም ገላገለችኝ» አሉ። ያቺ ምርቃት ናት የኪራይ ውል ሆና የቀረችው። በኋላ እምዬ ስንት ጊዜ ሊያፈርሱት ሞክረው፣ ትልቋ «እርስዎ አይደሉም የመረቋት?» እያለች አስቀርታዋለች።

ቤቱ ሲሠራ ማየት ነበር። አንዷን ቀጭን የጌሾ ቅርንጫፍ በድር ጠመጠመቻት። ከዚያ የሣር ክር አመጣች፤ የደረቀ ቅጠል ቁራጭ አመጣች፤ የባሕር ዛፍ ልጥ አመጣች፤ ሁሉንም በድር እያሰረች ቁልቁል አንጠለጠለችው። በጎኑ ቀዳዳ ተወችለት፤ ከቀዳዳው በላይ ዝናብ የሚከልል ትንሽ ታዛ አወጣችለት። ድር ይለጠጣል እንጂ ቶሎ አይበጠስም፤ ቤተሰቡ ሲከብድ ቤቱም አብሮ ይሰፋል። ላላወቀው ሰው ጎጆው ነፋስ ያመጣው ጥራጊ ጌሾ ላይ የተንጠለጠለ ነው የሚመስለው። እምዬ ራሳቸው በመጀመሪያው ቀን «ይህን ቆሻሻ ማን ነው ጌሾዬ ላይ የጣለው?» ብለው እኔን ነው በክፉ ዓይን ያዩኝ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ባልየው የት ነበር? ባልየው ዘንጦ የባሕር ዛፉ ጫፍ ላይ ነበር። ይዘፍናል። ሌላ ወንድ ካየ ያባርራል። ሲርበው ራስ ክምሩና ሬቱ አበባ ላይ ወርዶ ይጠጣል፤ ከዚያ ተመልሶ ይዘፍናል። አንዲት ሣር እንኳ በአፉ ሲይዝ ያየው የለም። እምዬ ይህን ሲያዩ አዲስ ነገር እንዳልሆነባቸው ከፊታቸው ይታወቅ ነበር። «አባወራ ነዋ» አሉና ወደ ጓዳቸው ገቡ።

የእሱ መልክ ግን ግቢውን ለሁለት ከፈለው። ትልቋ ሐምራዊ ነው አለች። መካከለኛው ጥቁር ነው አለ፤ እንደ ቁራ ጥቁር። ማሙሽ አንድ ጊዜ ከእሷ፣ አንድ ጊዜ ከእሱ ጋር እየሆነ ሁለቱንም አናደደ። ክርክሩ ወደ ጸጉር መጓተት ሊደርስ ሲል ትልቋ ወንድሟን ጎትታ እሷ የምትቆምበት ቦታ አቆመችው፤ ጠዋት ነው፤ ፀሐዩ ከጀርባቸው ነው። ልጁ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ እሷም እሱ የሚቆምበት ዛኒጋባ ሥር ሄዳ አየችና ዝም አለች። የዚህ ወፍ ላባ ውስጥ ሐምራዊ ቀለም ፈልጎ ቢፈጩት አይገኝም፤ ላባው በዓይን የማይታዩ ስስ ንብርብሮች አሉት፤ ብርሃን እነሱ ላይ ሲያርፍ ነው የሚያብረቀርቀው። ጥላ ውስጥ ሲገባ ይጠቁራል። ይህን እኔ አንብቤ ነገርኳቸው እንጂ እነሱ ቦታ ተለዋውጠው ቀድመውኝ ደርሰውበታል።

ከተማ ያለው ሌላው አጎታቸው ምሳ ሊበላ ሲመጣ ባጃጁን በር ላይ ያቆማል። ባልየው የባጃጁ መስታወት ውስጥ አንድ ጎረምሳ ተቀምጦ አገኘና ጦርነት ከፈተ። መስታወቱን በምንቃሩ ይወጋል፤ ይሸሻል፤ ይመለሳል፤ ኩሱን ይለቅበታል። አጎትየው በመጨረሻ መስታወቱን ካልሲ አለበሰው። ማሙሽ «ራሱን አያውቅም እንዴ?» ብሎ ሲጠይቅ እምዬ ከጓዳ ሆነው «ወንድ ከመቼ ወዲህ?» አሉ።

ሰፈሩ ወሬውን ሲሰማ ልጅ ይጎርፍ ጀመር። ትልቋ ከምድጃ አመድ አውጥታ ጌሾው ዙሪያ መስመር አሰመረች፤ ከመስመሩ ያለፈ ያገኛታል ተባለ። መካከለኛው ነገሩ ገበያ መሆኑ ስለገባው የመግቢያ ዋጋ ቆረጠ፤ አንድ ብይ ወይም አንድ ጭብጥ ቆሎ። እኔ ከክፍሌ ወደ ውኃው ቧንቧ ስሄድ መንገዴ በመስመሩ አጠገብ ስለሆነ አስቆመኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ ትልቅ ስለሆኑ እጥፍ ነው» አለኝ። የቤት ኪራይ የምከፍልበት ግቢ ውስጥ ቆሎ ከፍዬ አለፍኩ። ያቺ የጌሾዋ ተከራይ ግን እስከ ዛሬ ሳንቲም አልከፈለችም።

ትልልቆቹ ሰዎችም መጡ፤ እያንዳንዳቸው የሚያውቁትን ይዘው። አንዷ ጎረቤት ልጆቹ የወፍ በሽታ እንዳይዛቸው ፈራች። ማሙሽ ይህን ሰምቶ የተጨነቀው ግን ለራሱ ሳይሆን ወፏ ታማ እንዳይሆን ነው። የወፍ በሽታ የምንለው ዓይን የሚያበጨው ሕመም የጉበት ነገር መሆኑን፣ ብዙ ጊዜም ከቫይረስ የሚመጣ መሆኑን፣ ወፍ የሌለችበት ጣጣ መሆኑን ለጎረቤቷ ነገርኳት። «ታዲያ ስሙን ማን አወጣው?» አለችኝ። ወፏም ብትጠየቅ ይህንኑ ነበር የምትለው።

እንቁላሉ የታየው በአቡነ አረጋዊ ዕለት፣ ጥቅምት 14 ነው። ቀዳዳው በጎን ስለሆነ ትልቋ ቁራጭ መስታወት ሸንበቆ ጫፍ ላይ አስራ፣ እናትየው አበባ ልትጠጣ ስትወጣ አስገባችው። ሁለት ናቸው፤ ትናንሽ፣ ጠቃጠቆ ያለባቸው። እምዬ ያን ጊዜ «እንግዲህ ታገሱ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አሉ። ተረት መናገራቸው ነበር። ማሙሽ ግን ቀን ቆረጠበት። በየማለዳው ጌሾው ሥር ተንበርክኮ እግር አወጣ እንደሆን ይጠይቃል። «ዛሬም አላወጣም» ብሎ ለቤቱ ሁሉ ያውጃል። አንድ ቀን ተናደደና «እምዬ፣ እንቁላሉ መቼ ነው የሚሄደው? ወይስ ዋሽተው ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። እምዬ በዚህ ዕድሜያቸው በተረት ምክንያት ለምስክርነት ተጠርተው አያውቁም።

«እንቁላሉን የሰው እጅ ከነካው እናቲቱ ታሸተዋለች፤ ከዚያ ጥላው ትሄዳለች» የሚለውንም ያወጁት እሳቸው ናቸው። ሳይንሱ በዚህ አይስማማም። አብዛኛው ወፍ እንቁላሉን ጥሎ የሚሄደው የሰው ሽታ ስላገኘበት ሳይሆን ሰው ሲመላለስበት ደኅንነት ስላጣ ነው። እኔ ግን አፌን ዘጋሁ። «አትነካኩት» የሚለውን የሰፈሩ ልጅ አምኖ የተቀበለው በምክንያቱ ትክክለኛነት ሳይሆን በእምዬ ግርማ ነው፤ ትክክለኛውን ምክንያት ነግሬ ግርማቸውን ባፈርስ ኖሮ ጎጆዋን የሚጠብቃት አመድ ብቻ ነበር።

ጥቅምት ደግሞ ይበርዳል። ሌሊቱ ሲያንዘፈዝፍ አድሮ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይገኛል፤ ሰው አንድ አጥንት የሚመኝበት ወር ነው። ማሙሽ ነጠላ እናልብሳት አለ። ትልቋ ግን ሌላ ጥያቄ አመጣች፤ «ሞኝ ካልሆነች ለምን በዚህ ብርድ ትወልዳለች?» መልሱ አጥሩ ላይ ነበር። ክረምቱ ያበቀለው ሁሉ የሚያብበው አሁን ነው፤ አበባው ላይ ዝንቡና ትንኙ የሚሰፍረው አሁን ነው። ቤተ ክርስቲያንም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን ጊዜ ዘመነ ጽጌ ብላ በማኅሌት የምታሳልፈው በዚሁ አበባ ነው። እምዬ ይህን ሲሰሙ ወፏን ወደዷት። እሳቸው ጽጌን ይጾማሉ። «አያችኋት? የአበባ ውኃ ብቻ ጠጥታ ትውላለች። ከእናንተ ትሻላለች፤ ጽጌን የምትጾም ወፍ ናት» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወፏ በግቢያችን የጾመኛ ክብር አገኘች።

ክብሯ እስከ ጥቅምት መድኃኔዓለም ቆየ። በ27 ጫጩቶቹ ተፈለፈሉ። መላጣ፣ ዓይናቸው የተገጠመ፣ ከሥጋ ቁራጭ የማይሻሉ ነገሮች ናቸው። እናትየው ያን ዕለት ወደ አበባ መሄዷን ቀነሰች። ስትመለስ አፏ ላይ የተንጠለጠለ ነገር አለ። ትልቋ ዓይኗን አጥብባ አየች። ሸረሪት! ቀጥላ ትንኝ፤ ቀጥላ አረንጓዴ ትል። ልጅቷ በሩጫ ሄዳ «እምዬ፣ ጾሙን ሻረች!» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። እምዬ መሸነፍ አያውቁም፤ እያቦኩ የነበረውን ሊጥ ሳይለቁ «የልጅ እናት ጾም የለባትም። ቄሱን ጠይቂ» አሉ። ከሁሉም የገረመኝ መልሱ ከሥነ ፍጥረቱ ጋር መግጠሙ ነው። አበባ ጠጪዎቹ ወፎች እነሱ በአብዛኛው በማር ውኃ ቢኖሩም ጫጩት በስኳር አያድግም፤ ለሥጋውና ለላባው ፕሮቲን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ለልጆቻቸው ነፍሳት ያድናሉ። ባልየውም ከባሕር ዛፉ ጫፍ የወረደው አሁን ነው። አንድ ትንኝ ይዞ መጣ። እምዬ በመስኮት አዩትና «ክርስትናው ደረሰ መሰለኝ» አሉ።

የጫጩቶቹ አፍ የራሱ ትርኢት ነበረው። እናትየው ቅርንጫፉ ላይ ስታርፍ ጎጆው ይነቃነቃል፤ ያኔ ዓይን የሌላቸው ሁለት ራሶች ተወርውረው ይነሡና አፋቸውን ይከፍታሉ። መካከለኛው ይህን አየና ቅርንጫፉን በሸንበቆ ነካ አደረገው። አፎቹ ተከፈቱ። እንደገና ነካው፤ እንደገና ተከፈቱ። የኔዘርላንዱ ተወላጅ ኒኮ ቲንበርገን በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ) በሌላ ዓይነት ወፍ ጫጩቶች ላይ ይህንኑ እየሞከረ ምን ዓይነት ምልክት አፍ እንደሚያስከፍት አጥንቷል፤ በእንስሳት ጠባይ ላይ ባደረገው ምርምርም በ1973 (እ.ኤ.አ) ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ኖቤል ተሸልሟል። የእኛው ተመራማሪ ሦስተኛ ጊዜ ሊሞክር ሲል ከእህቱ በጥፊ ተሸለመ። ማሙሽም በሶ በጥብጦ ሊያጎርሳቸው ሲጠጋ ተይዞ ከአመዱ መስመር ውጭ ተባረረ።

ልጆቹ ያልተመለሰላቸው አንድ ነገር ነበር። ወፏ ጎጆዋን ከውጭ በግራጫ፣ ሽበት በሚመስል ነገር ለጥፋዋለች። ያ ነገር ከየት መጣ? የእኛ ግቢ ባሕር ዛፍ ላይ የለም። የጎረቤቶቹም ባሕር ዛፍ ነው። ቅዳሜ ሰፈሩን ሲያዳርሱ ዋሉ፤ አጥር ለአጥር፣ ዛፍ ለዛፍ። ማታ ትልቋ አንድ ቁራጭ በወረቀት ጠቅልላ አመጣች። ያገኙት ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ፣ ከአሮጌው ጥድና ወይራ ላይ ነው። ወፏ የግድግዳዋን ልስን ከዚያ ድረስ እየሄደች ነበር የምታመላልሰው።

ይህች የልጆች ግኝት ደቡብ ጎንደርን በሙሉ ትመለከታለች። ከሜዳው ላይ የአገር በቀሉ ዛፍ ሲያልቅ የተረፈው ቤተ ክርስቲያን ያቀፈችው ነው። እመጓን የጻፉት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴን አንባቢ የሚያውቃቸው በልቦለዳቸው ይሆናል፤ ሙያቸው ግን ደን ነው። በ2007 (እ.ኤ.አ) በኔዘርላንዱ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናታቸውን ያቀረቡት በእነዚሁ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ነው። ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ውስጥ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። ወፉም፣ ንቡም፣ ሽበቱም የተጠጋው እዚያ ነው። እምዬ ይህን ስነግራቸው ብዙም አልተደነቁም። «ታዲያ የታቦት ዛፍ ማን ይቆርጣል?» አሉ። ጥናቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሱት።

ስሟን ለማወቅ የአፍሪካ ቀንድ ወፎችን የሚያሳየውን፣ ሬድማን፣ ስቲቨንሰንና ፋንሻው ያዘጋጁትን መጽሐፍ ተውሼ አመጣሁ። አገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት ስላላት ገጹን መግለጥ ራሱ ጊዜ ፈጀ። ትልቋ ናት ያገኘቻት፤ ባልየው ሐምራዊ፣ ጭራው ረዘም ያለ፣ ሚስትየው ግራጫ። መጽሐፉ የተከዜ ወፍ ይላታል። ስሙ በመጽሐፍ የወጣው በ1814 (እ.ኤ.አ) ነው፤ ሄንሪ ሳልት የሚባለው እንግሊዛዊ ስለ አቢሲንያ ጉዞው ባሳተመው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ። ሳልት በትግራይ በኩል ገብቶ ተከዜን አይቶ ተመለሰ፤ ጎንደር አልደረሰም።

ግቢው ተቆጣ። መካከለኛው «የእኛ ጌሾ ላይ ተቀምጣ የተከዜ ትባላለች? የበሽሎ ናት እንጂ!» አለ። የስማዳ ውኃ በበሽሎ በኩል ዓባይ ነው የሚገባው፤ ከተከዜ ጋር ምንም ጉዳይ የለንም። ልጁ፣ ሳልት መንገዱ በስማዳ ቢሆን ኖሮ የበሽሎ ትባል ነበር ማለቱ ነው። ደብዳቤ ይጻፍልን ተባልኩ። ለማን እንደሚጻፍ ስላልተስማማን እስካሁን አልጻፍኩም።

ይኸው ልጅ ቆላ ወርዶ ሌላ ጣጣ አመጣ። የቆላው አጎቱ እንደነገረኝ፣ ማማው ላይ ወንጭፉን ይዞ ቆሞ ድንጋይ ከመወርወሩ በፊት ይመረምር ጀመር። «አያ፣ ያቺ እህል አትበላም፤ ትል ነው የምትለቅም፤ ምንቃሯን እይ፣ ቀጭን ነው» ይላል። እህል የሚፈልጠው ምንቃር አጭርና ወፍራም መሆኑን ደርሶበታል፤ እውነትም ነው። አጎትየው ግን «አንተ የእያንዳንዷን ምንቃር እስክትለካ ማሽላዬ አለቀ!» ብሎ ጮኸ። ግሪሳው ሲመጣ ልጁ ምርመራ አላስፈለገውም። ግሪሳ በዓለም ላይ በብዛቱ የሚተካከለው የዱር ወፍ የለም፤ ደመና ሆኖ ነው የሚወርደው፤ ያኔ ወንጭፉ በደንብ ሠራ።

ከቁስቋም በፊት ባለው ቀን አንዷ ጫጩት ጌሾው ሥር ወድቃ ተገኘች። ጉንዳን ሰፍሮባት ነበር። ሌላዋ ጫጩት ገፍትራት ይሁን፣ ደክማ ይሁን፣ ድመት ይሁን፣ ምስክር የለም። ልጆቹ ሬቱ ሥር ቀበሯት፤ መቃብር ላይ ሬት ሲተከል አይተው ነው። ዳዊት የሚደግም የጎረቤት ልጅ ፍትሐት ሊጀምር ሲል እምዬ ደረሱበት። «ተው! ለወፍ ፍትሐት የለም» አሉና ደብተሩን ዘጉበት። ወዲያው ግን ልጆቹን አዩአቸው፤ ማሙሽ ከንፈሩን ነክሶ ይንቀጠቀጣል። ገብተው ቆሎ በሰፌድ አወጡ፤ ድንጋይ ላይም ተቀመጡ። «ለቅሶ ደርሻለሁ። እግዜር ያጽናችሁ» አሉ። ትልቋ «አርባዋስ?» ብላ ስትጠይቃቸው ትንሽ አሰቡና «በሚካኤል ማኅበር አብሮ ይወጣል» አሉ።

ዋናው ችግር ይኸው ማኅበር ነበር። ኅዳር 12 ሚካኤል የእምዬ ተራ ነው። ጠላ ይጠመቃል። ጌሾው ተቀጥፎ፣ ደርቆ፣ ተወቅጦ ጥንስስ እስኪሆን ቀን ይፈጃል። እምዬ ብቅላቸውን አብቅለው፣ ጋናቸውን አጥነው፣ ጥቅምት ሳያልቅ ማጭዳቸውን ይዘው ወደ ጌሾው ሲያመሩ ሦስቱም ልጆች አመዱ መስመር ላይ ተሰልፈው ጠበቋቸው። ድርድሩ ከቤተ ዘመድ ጉባኤ አላነሰም። እምዬ በዚያኛው ጥግ ካለው ብቻ ልቅጠፍ አሉ፤ ቅርንጫፉ ይነቃነቃል ተባሉ። ልጆቹ ከገበያ ይገዛ አሉ፤ እምዬ «እኔ? ጌሾ ገዝቼ?» ብለው ተቀመጡ። በሕይወታቸው ጌሾ ሸጠዋል፣ አበድረዋል፣ ለጎረቤት ሰጥተዋል እንጂ ገዝተው አያውቁም። በመጨረሻ ነጠላቸውን አጣፍተው ገበያ ሄዱ፤ ሰው እንዳያያቸው በማለዳ ነው የሄዱት። ዋጋውን እስከ ዛሬ ያነሡታል።

ሚካኤል ደረሰ። ኅዳር 12 እንደሚታወቀው የሚታጠንበት ቀን ነው፤ በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ የፈጀው የኅዳር በሽታ ከሄደ ወዲህ ቆሻሻ በየደጁ ይቃጠላል። ትልቋ ከዋዜማው ጀምራ ነፋሱ በየት እንደሚነፍስ አመድ እየበተነች ለካች። ጥራጊው ሁሉ ወደ ታችኛው በር ተጋዘ፤ ጭሱ ወደ እኔ ክፍል ገባ። አቤት ብል ማን ሊሰማኝ? እኔ ኪራይ ከፋይ ብቻ ነኝ።

ማኅበርተኛው ጠጥቶ አንዱ ሽማግሌ ዋንጫቸውን አስቀምጠው «ዘንድሮስ ጠላው ለስለስ አለ» አሉ። ቤቱ ደነገጠ። እምዬ ግን ተነሡና «ይምጡ ላሳይዎ» ብለው ሽማግሌውን እጃቸውን ይዘው ወደ ጌሾው ወሰዷቸው። ከአመዱ መስመር ላይ አቆሟቸው። «ከዚህ አይለፉ። ዝም ብለው ይቁሙ። አሁን ትመጣለች። ድሩን ከእኔ ቤት ነው የወሰደችው፤ ያን ሽበት ከታቦቱ ዛፍ ነው ያመጣችው፤ እሱ ደግሞ ባሏ ነው፤ ጥቁር መስሎዎት እንዳይሳሳቱ፣ ወደዚህ ዞር ይበሉ፣ ወደ ፀሐዩ ጀርባዎን ይስጡ…» ማኅበርተኛው ሁሉ ተራ በተራ ወጣ። መካከለኛው ልጅ ቆሎውን ሊሰበስብ እጁን ሲዘረጋ እምዬ በዓይናቸው ገሠጹት፤ ወዲያው ግን «ለሚካኤል ከሆነ ተቀበል» አሉት።

ከሚካኤል በኋላ የቀረችው ጫጩት አንድ ጠዋት ወጣች። መጀመሪያ የጌሾው ቅርንጫፍ ላይ፣ ቀጥሎ አጥሩ ላይ፣ ከዚያ እናቷን ተከትላ ወደ ራስ ክምሩ። እምዬ ይህን ቀን ነበር የሚጠብቁት። ማጭዳቸውን አውጥተው «በቃ፣ ቤቱ ባዶ ነው፤ ጌሾዬን ልቀቁልኝ» አሉ። ትልቋ ማታውን እንዲጠብቁ ለመነቻቸው። ሲመሽ አብረን ወጣን፤ በስልክ ባትሪ በሩቁ አበራን። ጫጩቷ ተመልሳ ገብታለች። ምንቃሯ ብቻ ከቀዳዳው ወጥቶ ይታያል። የእነዚህ ወፎች ጫጩት ከወጣች በኋላም ለማደር ወደ ጎጆዋ ትመለሳለች፤ ትልቋ ይህን ከእኔ መጽሐፍ ሳይሆን ከሰፈር ልጆች ቀድማ ሰምታ ኖሯል።

እምዬ ማጭዳቸውን ወደ ሌላኛው እጃቸው አዛወሩ። «ለገናስ ይደርስልኝ ይሆን?» አሉ።

ልጅቷ ደብተሯን ገለጠች፤ አንድ ገጽ አነበበች፤ ሌላ ገጽ አነበበች።

«እናያለን» አለቻቸው።